ስለ አስትሮይድ ኢዳና ስለ ጨረቃዋ ዳክቲል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት ቁጥር ስፍር የሌላቸው አለቶች ውስጥ መንኮራኩር ቀርቦ ያያቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኢዳ ከእነዚህ አንዷ ናት። የጎበኛት መንኮራኩር ወደ ሌላ ስፍራ ሲጓዝ በመንገዱ ላይ ስላገኛት ያለፈባት ብቻ ነበር፤ ይሁንና ያ አጭር ጉብኝት ሳይንቲስቶች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩባቸው ለነበሩ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይዞ ተመልሷል። ከዚህ በታች አንባቢዎች ስለዚህች አለት አዘውትረው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አቅርበናል። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢዳ ምንድን ናት? የትስ ትገኛለች?

ኢዳ በአስትሮይዶች ቀበቶ ውጫዊ ክፍል የምትገኝ አለታማ አስትሮይድ ስትሆን በመዝገብ የያዘችው ቁጥር 243 ነው። ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት 428 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ርቀት 2.86 እጥፍ መሆኑ ነው። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 4.84 ዓመት ይፈጅባታል። በራሷ ዛቢያ የምትሽከረከረው ግን በፍጥነት ነው፤ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ በኢዳ ላይ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የሚደርሳት የፀሐይ ብርሃንም ምድር ላይ ከምናገኘው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው።

የቀበቶው “ውጫዊ ክፍል” ሲባል ወሰኑ ምንድን ነው?

ወሰኑን ያበጀው ጁፒተር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዳንኤል ከርክዉድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በዘመኑ የታወቁትን አስትሮይዶች ከፀሐይ ባላቸው ርቀት ሲደረድር፣ በተወሰኑ ርቀቶች ላይ አስትሮይዶች እንደሌሉ ወይም እጅግ ጥቂት እንደሆኑ አስተዋለ። እነዚህ ባዶ ስፍራዎች አንድ አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞርበት ጊዜ ከጁፒተር ጊዜ ጋር በቀላል ቁጥር የሚመጣጠንባቸው ናቸው። ለምሳሌ ጁፒተር ሁለት ጊዜ ሲዞር በትክክል አምስት ጊዜ የሚዞር አስትሮይድ፣ የጁፒተር የስበት ጉተታ በየጊዜው በተመሳሳይ ቦታ እየደረሰበት ምህዋሩ ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ በመጨረሻም ከስፍራው ይወጣል። ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው ርቀት በ2.82 እጥፍ ላይ ያለው ይህ ባዶ ስፍራ የቀበቶው መካከለኛ ክፍል የሚያልቅበትና ውጫዊው ክፍል የሚጀምርበት ድንበር ሆኖ ያገለግላል።

ኢዳ የምትዞረው ከዚህ ድንበር ትንሽ አለፍ ብላ ነው። በድንበሩ ላይ ያለው የዙር ጊዜ 4.74 ዓመት ሲሆን የእርሷ 4.84 ነው። ልዩነቱ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ሆኖም ይህችው ልዩነት ምህዋሯ ክብ ለመሆን የቀረበና የተረጋጋ ሆኖ እንዲቆይ በቂ ሆናለች።

ማን አገኛት? ስሟስ ከየት መጣ?

ኢዳን ያገኛት በቪየና የሥነ ፈለክ መመልከቻ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊው ዮሐን ፓሊሳ ሲሆን፣ ቀኑም መስከረም 29 ቀን 1884 ነበር። ፓሊሳ በሕይወት ዘመኑ 122 አስትሮይዶችን ያገኘ ሰው ነው። ይህንን የሠራው በፎቶግራፍ ሳይሆን ሌሊት ሌሊት በቴሌስኮፕ ዓይኑን ተክሎ፣ ያየውን ነጥብ ከኮከብ ካርታ ጋር እያስተያየ መሆኑን ማሰብ ለትዕግሥቱ ያለንን አክብሮት ይጨምራል። ስሟን ያወጣላት ሞሪትዝ ፎን ኩፍነር የተባለ የቪየና ቢራ ጠማቂና የሥነ ፈለክ ወዳጅ ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ ኢዳ ሕፃኑን ዜውስን በቀርጤስ ደሴት ካሳደጉት አንዷ ስትሆን፣ በዚያችው ደሴት በስሟ የሚጠራ ተራራ አለ።

አለታማ መሆኗ በምን ታወቀ?

ከምድር ሆኖ በእጅ የማይዳሰስን አለት መመርመር የሚቻለው የሚመልሰውን ብርሃን በመተንተን ነው። እያንዳንዱ ማዕድን የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ የተወሰኑ ቀለማትን ይውጣል፤ የተዋጡት ቀለማትም ማዕድኑን ያሳብቁበታል። የኢዳ ብርሃን ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የተባሉትን ሁለት የሲሊኬት ማዕድናት ያሳያል። እንዲህ ያሉት አስትሮይዶች “ኤስ” በሚባለው ምድብ ይመደባሉ። በቀበቶው ውጫዊ ክፍል በብዛት የሚገኙት እንደ ከሰል የጠቆሩ፣ ካርቦን የበዛባቸው አስትሮይዶች ስለሆኑ፣ ኢዳና ዘመዶቿ በዚያ ስፍራ ደመቅ ብለው ይታያሉ።

ዘመዶቿ የተባሉት እነማን ናቸው?

ጃፓናዊው ኪዮትሱጉ ሂራያማ በ1918 አንዳንድ አስትሮይዶች ምህዋራቸው በጣም እንደሚመሳሰል አስተዋለና፣ እነዚህ ቀድሞ አንድ የነበረ አካል ስብርባሪዎች መሆን አለባቸው ሲል ደመደመ። ለእነዚህ ስብስቦች “ቤተሰብ” የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። ኢዳ የኮሮኒስ ቤተሰብ አባል ናት። ቤተሰቡ ከአንድ ትልቅ አስትሮይድ በግጭት መሰባበር የተገኘ ሲሆን፣ የግጭቱ ዘመን በቢሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው። ግጭቱም አንድ ጊዜ ተከስቶ ያበቃ አይደለም፤ ከዚያው ቤተሰብ አንዱ አባል ከ5.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳግም ተሰባብሮ ካሪን የተባለውን ወጣት ስብስብ አስገኝቷል።

ምን ያህል ትልቅ ናት? ምንስ ትመስላለች?

ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር፣ ወርዷ 25 ኪሎ ሜትር፣ ውፍረቷ ደግሞ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በጣና ሐይቅ ላይ ብትጋደም ሐይቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛታል። ክብ አይደለችም፤ ወገቧ አካባቢ ጠበብ ብላ ሁለት ትላልቅ አለቶች የተጣበቁ ትመስላለች። ገጿ በግጭት ጉድጓዶች ተሸፍኗል። ከእነዚህ ትልቁ ላስኮ የተባለው ሲሆን ስፋቱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የጉድጓዶቹ ስሞች ምድር ላይ ካሉ ዋሻዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ላስኮ በፈረንሳይ የጥንት ሥዕሎች ያሉበት ዋሻ ነው፣ ከአፍሪካም የደቡብ አፍሪካው ስቴርክፎንቴይን በኢዳ ላይ ስሙ ተተክሏል።

ጠጋ ብሎ ላያት ከጉድጓዶቹ ይልቅ የሚያስገርመው አፈሯ ነው። ለዘመናት በተደጋገመ ግጭት የተፈጨ ብናኝና ስብርባሪ ገጿን እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኖታል፤ ውፍረቱም በአስር ሜትሮች እንደሚቆጠር ይገመታል። በዚህ ብናኝ ላይ ከ40 እስከ 150 ሜትር የሚደርሱ ቋጥኞች ተቀምጠዋል። ስበቷ ይህን ያህል ደካማ የሆነ አካል ከግጭት የተፈናጠሩ ቋጥኞችን መልሶ በገጹ ላይ ማሳረፍ መቻሉ ጉብኝቱ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ኢዳን የጎበኛት ማን ነው?

ጋሊሊዮ የተባለው የናሳ መንኮራኩር ነው። በጥቅምት 18 ቀን 1989 በአትላንቲስ የጠፈር መንኮራኩር ተጭኖ ከምድር የወጣ ሲሆን፣ መድረሻው ጁፒተር ነበር። በቀበቶው በኩል ሲያልፍ በመጀመሪያ በጥቅምት 1991 ጋስፕራ የተባለችውን አስትሮይድ፣ ቀጥሎ በነሐሴ 28 ቀን 1993 ኢዳን ጎበኘ። በኢዳ አጠገብ ያለፈው 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 12.4 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የኢዳን ሙሉ ርዝመት የሚያህል መንገድ አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ያልፋል። አስትሮይዷ ፈጥና ስለምትሽከረከር መንኮራኩሩ እየቀረበ በመጣባቸው ሰዓታት 95 በመቶ የሚሆነው ገጿ በየተራ ለካሜራው ተገልጧል።

ነገር ግን ጋሊሊዮ የተጓዘው ጉዳት ይዞ ነበር። በ1991 እንደ ዣንጥላ ይዘረጋል የተባለው ትልቁ አንቴናው ተጣብቆ አልዘረጋም አለ። በትልቁ አንቴና በሰከንድ ከመቶ ሺህ በላይ ቢቶችን መላክ ይችል የነበረ ሲሆን፣ በትንሹ አንቴና ከኢዳ ጉብኝት በኋላ መላክ የቻለው በሰከንድ 40 ቢት ያህል ብቻ ነበር። ካሜራው የሚያነሳው አንድ ምስል በስፋትም በቁመትም 800 ነጥቦች፣ ለእያንዳንዱ ነጥብም ስምንት ቢት ይይዛል። ሒሳቡን ለሚያሰላ ሰው አንድ ሙሉ ምስል ለመላክ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ምስሎቹ በመንኮራኩሩ የቴፕ መቅጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቂቶቹ በዚያው መስከረም ወር፣ የቀሩት ደግሞ ከየካቲት እስከ ሰኔ 1994 ድረስ በዝግታ ወደ ምድር ተላኩ።

ዳክቲል እንዴት ተገኘች?

የተገኘችው በዚሁ የአንቴና ችግር ምክንያት በተዘየደ ዘዴ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ኢዳ በእያንዳንዱ ምስል የት ቦታ ላይ እንዳረፈች አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ባዶ ጠፈር የያዘ ምስል በመላክ ቀናት ማባከን አይቻልም ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ከየምስሉ ላይ ተራርቀው የተመረጡ ቀጫጭን መስመሮችን ብቻ እንደ ናሙና ያስልክ ነበር፤ መስመሮቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ እንደ መስኮት ብረት ስለሚታዩ በመካከላቸው ኢዳ የት እንዳለች ይለያል።

በየካቲት 17 ቀን 1994 የምስል ቡድኑ አባል የሆነችው አን ሃርች እነዚህን ናሙናዎች ስትመረምር፣ ከኢዳ ፈንጠር ብሎ የሚታይ ሌላ ብርሃን አየች። ኮከብ እንዳይባል ቦታው ከኮከቦቹ ጋር አልገጠመም። የኢንፍራሬድ መሣሪያውም ያንኑ አካል ለብቻው መዝግቦት ስለነበር ጉዳዩ ተረጋገጠ፤ ኢዳ ጨረቃ አላት። መንኮራኩሩ ካለፈ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ነው እንግዲህ ግኝቱ የመጣው፤ ምስሉ ያን ሁሉ ጊዜ በቴፑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ዳክቲል በአማካይ 1.4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ስትሆን፣ ምስሏ ሲነሳ ከኢዳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። እንደ ኢዳ የተጣመመ ቅርጽ የላትም፤ ለክብ የቀረበች ናት። በዚያች ትንሽ ገጿ ላይ ከ80 ሜትር የሚበልጡ ከደርዘን በላይ ጉድጓዶች ይታያሉ። ስሟ በአፈ ታሪኩ በኢዳ ተራራ ላይ ይኖሩ ከነበሩት ዳክቲሎች ከተባሉ ፍጡራን የተወሰደ ነው። አስትሮይዶች ጨረቃ ሊኖራቸው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው የቆየ ክርክር በእርሷ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከ400 በላይ አስትሮይዶች ጨረቃ እንዳላቸው ታውቋል።

የኢዳ ክብደት እንዴት ተለካ?

ጨረቃዋ ባትኖር ኖሮ ባልተለካ ነበር። መንኮራኩሩ በፍጥነት ስላለፈ የኢዳ ስበት በጉዞው ላይ የሚለካ ለውጥ አላመጣም። የአንዲት ጨረቃ ርቀትና የዙር ጊዜ ከታወቀ ግን የምትዞረው አካል መጠነ ቁስ በኬፕለር ሕግ ይሰላል። እዚህም ላይ እንቅፋት ነበር። ጋሊሊዮ ያለፈው በዳክቲል ምህዋር ገጽ ላይ ለመሆን በተቃረበ አቅጣጫ ስለነበር፣ ምህዋሯን ያየው ሰፌድን በጠርዙ በኩል እንደሚያይ ሰው ነው፤ ክቡ ክብ ይሁን ሞላላ ከዚያ አቅጣጫ አይለይም። ከበርካታ አማራጭ ምህዋሮች መካከል የተወሰኑትን ለመጣል የረዳው ሀብል ቴሌስኮፕ ነው። በሚያዝያ 1994 ኢዳን ሲመለከት ዳክቲል አልታየችም፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅ ኖሮ ትታየው ስለነበር፣ ከዚያ የሚርቁት ምህዋሮች በሙሉ ተሰረዙ።

በዚህ መንገድ የኢዳ መጠነ ቁስ 42 ትሪሊዮን ቶን ገደማ፣ እፍግታዋም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.6 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ፤ የግማሽ ግራም ስህተት ወዲያም ወዲህም ሊኖረው ይችላል። ከእርሷ ጋር የሚመሳሰሉት ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች እፍግታቸው 3.5 ይደርሳል። ስለዚህ ኢዳ ውስጧ ድፍን አለት አይደለም፤ ስንጥቅና ክፍተት የበዛበት፣ ምናልባትም ሩብ የሚሆነው ይዘቷ ባዶ የሆነ ክምር ነው።

ጉብኝቱ የፈታው ሌላው ጥያቄ ምንድን ነው?

በእኔ ግምት ከዳክቲል መገኘት የማያንሰው ቁም ነገር ይህ ነው። ወደ ምድር ከሚወድቁት ድንጋዮች አብዛኞቹ “ተራ ኮንድራይት” የሚባሉ ናቸው። እነዚህን ያህል ብዙ ድንጋዮች የሚልኩት ቁጥራቸው የበዛው ባለ “ኤስ” ምድብ አስትሮይዶች መሆን አለባቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ማዕድኖቻቸውም ተመሳሳይ ናቸው። ችግሩ ቀለማቸው አለመግጠሙ ነው። አስትሮይዶቹ በቤተ ሙከራ ካሉት ድንጋዮች ይልቅ የጠቆሩና የቀሉ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ሁለት ወገን ነበር፤ አንዱ ወገን ድንጋዮቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው ሲል፣ ሌላው ደግሞ የአስትሮይዶቹ ገጽ በጊዜ ብዛት ተለውጧል ይል ነበር።

የኢዳ ምስሎች ለሁለተኛው ወገን መሰከሩ። በአዳዲስ ጉድጓዶች ዙሪያ፣ በተለይም አዙራ ከተባለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ጉድጓድ በተረጨው አፈር ላይ፣ የገጿ ቀለም ከአሮጌው ገጽ ይልቅ ቅላቱ የቀነሰ ነበር። ያው አለት ነው፤ የሚለያየው ለጠፈር የተጋለጠበት ዘመን ብቻ ነው። ከፀሐይ የሚነፍሱት ቅንጣቶችና የማያቋርጠው የብናኝ ግጭት የአፈሩን ቅንጣት ላዩን ያተኑታል፤ ተኖ ተመልሶ ሲረጋም እጅግ ደቃቅ የብረት ፍሬዎችን በቅንጣቱ ላይ ይለብጣል። ያ ስስ የብረት ልባስ ነው ገጹን የሚያጠቁረውና የሚያቀላው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የመጣው ከሌላ አስትሮይድ ነው። ሀያቡሳ የተባለው የጃፓን መንኮራኩር ኢቶካዋ ከተባለች ትንሽ ባለ “ኤስ” ምድብ አስትሮይድ ላይ ያነሳውን ብናኝ በሰኔ 2010 ወደ ምድር አመጣ። ብናኙ ተራ ኮንድራይት ሆኖ ተገኘ፤ በቅንጣቶቹ ጠርዝ ላይም ደቃቆቹ የብረት ፍሬዎች በአጉሊ መሣሪያ ታዩ። በ2024 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ነገሩን ወደ ኢዳ ቤት መልሰውታል፤ በምድር ላይ ከሚወድቁት ኮንድራይቶች አንዱ ትልቅ ወገን የሚመጣው በኮሮኒስ ቤተሰብ ውስጥ በቅርብ ዘመን ከተሰባበሩ አካላት መሆኑን አሳይተዋል።

ሰው ኢዳ ላይ ቢቆም ምን ይሰማዋል?

ክብደት የሚባል ነገር እምብዛም አይሰማውም። የስበት ኃይሏ ከምድር ስበት ከአንድ ሺህኛ እስከ ሦስት ሺህኛ ያህል ነው፤ መጠኑ ቦታ ለቦታ የሚለያየው በቅርጿ መርዘምና በፈጣን ሽክርክሯ ምክንያት ነው። ከደረት ከፍታ፣ ከአንድ ሜትር ላይ እንበል፣ የተለቀቀ ጠጠር መሬት ለመንካት ከ13 እስከ 26 ሰከንድ ይወስድበታል። በጉልበት የተወረወረ ድንጋይ ግን ላይመለስ ይችላል፤ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ፍጥነት ካገኘ ከኢዳ ስበት ያመልጣል።

ኢዳ ምድርን ትመታለች የሚል ስጋት አለ?

የለም። ለፀሐይ በጣም በቀረበችበት ጊዜ እንኳ 410 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ምድር ግን ከፀሐይ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

በዓይን ትታያለች?

አትታይም። በመካከለኛ ቴሌስኮፕና በጨለማ ሰማይ ሥር እንደ ደብዛዛ ነጥብ ልትታይ ትችላለች፤ ቅርጿን ከምድር ሆኖ በዓይን ማየት ግን አይቻልም።

“ድንቅነሽ” እና “ሰላም” የተባሉት አስትሮይድና ጨረቃስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጥያቄ የተለየ ስሜት እንዳለው ይገባናል። የናሳ መንኮራኩር ሉሲ ስሙን ያገኘው በ1974 በአፋር ሐዳር ከተገኘችውና እኛ ድንቅነሽ ከምንላት ቅሪተ አካል ነው። የጉዞው ዋና ዓላማ ከጁፒተር ጋር በአንድ ምህዋር የሚጓዙትን አስትሮይዶች ማየት ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የምትገኝ እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበራት አንዲት ትንሽ አስትሮይድ እንዲጎበኝ ሲወሰን ድንቅነሽ ተብላ ተሰየመች። ከኢዳ ይልቅ ለፀሐይ በቀረበው የቀበቶው ውስጣዊ ክፍል የምትገኝ፣ እንደ ኢዳ ባለ “ኤስ” ምድብ አለታማ ናት፤ ስፋቷ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሉሲ በኅዳር 1 ቀን 2023፣ ጋሊሊዮ ኢዳን ከጎበኘ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በድንቅነሽ አጠገብ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አለፈ። እንደ ኢዳ ሁሉ ጨረቃ እንዳላት የታወቀው በምስሉ ነው። ጨረቃዋም በዲኪካ በተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል ስም ሰላም ተባለች። ኢዳና ዳክቲልን ለሚያውቅ ሰው ግን አዲስ ነገር ነበረው፤ ሰላም አንድ አለት ሳትሆን እያንዳንዳቸው 200 ሜትር ከፍ የሚሉ፣ ተነካክተው የቆሙ ሁለት አለቶች ናት። እንዲህ ያለ የተጣመረ አካል ሌላ አስትሮይድን ሲዞር ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።